አዲስ ግሪል በየትኛው ዘይት ይሟሻል? ለደጋ ሰው የሚሆን አሠራር

ሰሞኑን እኛ ሰፈር በርሜል አሰንጥቆ ግሪል የሚያሠራ ሰው በዝቷል፣ እና ሁሉም መጥቶ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፣ «ከብየዳ ቤት አመጣሁት፣ አሁን ምን ዘይት ልቀባው?» ለእያንዳንዱ ሰው ከምደጋግም አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ፍም ላይ ፍርግርግ ዘርግተን ለምንጠብስበት ግሪልም፣ ክዳን ኖሮት ሥጋው በጭስ ቀስ እያለ ለሚበስልበት ስሞከርም ይሆናል፣ በተለይ ደሞ ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ፣ መንዝ፣ አንኮበር፣ ጣርማ በር አካባቢ ላለ ሰው፣ ማለትም ክረምቱ ብረት ሳያዝግ ለማያልፍበት ሰው።

ማሟሸት ምን እንደሆነ ከገባን ዘይት መምረጡ ቀላል ነው። ምጣድ ሲሟሽ እንዴት ነው፣ አዲሱ ሸክላ ይጣዳል፣ የተፈጨ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በማሰሻ እየታሸ ደጋግሞ ይግላል፣ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ከዘሩ የወጣው ዘይት በእሳቱ ይደርቅና ይጠነክራል፣ ከዛ በኋላ እንጀራው አይይዝም። ብረትም ያው ነው፣ አንድ ልዩነት አለው፣ ሸክላ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመጥጣል፣ ብረት ግን አይመጥም፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ነው የሚቀረው። ስስ ሆኖ ተቀብቶ በቂ ሙቀት ካገኘ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይገናኝና ሞለኪዩሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ቫርኒሽ ያለ ጠንካራ ቆዳ ይሆናሉ፣ በሳይንሱ ፖሊመራይዜሽን የሚባለው ነው። ዝገት የሚከላከለው ይሄ ቆዳ ነው፣ ሥጋው ብረቱን ይዞ እንዳይቀር የሚያደርገውም እሱ ነው። ወፍራም ተደርጎ ከተቀባ ግን ላዩ ደርቆ ሥሩ ጥሬ ይቀራል፣ እጅ ሲነካው እንደ ሙጫ ይይዛል።

እናቴ ይሄን ሁሉ ያለ ኬሚስትሪ ነው የምታውቀው። የመጀመሪያውን ግሪሌን ጠርሙስ ይዤ ሳንቆረቁርበት አይታኝ «ልጄ፣ ብረቱን ዘይት አሳየው እንጂ አታጠጣው» አለችኝ። አልሰማኋትም። ሁለት ሰዓት አንድጄበት ሲበርድ ውስጡ በሙሉ ቡናማ ሙጫ ሆነ፣ አቧራውም ገለባውም ተለጠፈበት፣ እሱን ፍቄ ለማንሳት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሄደብኝ። ተራ ዘይት ስስ ሆኖ ቢቀባ፣ ወፍራም ተደርጎ ከተቀባ ምርጥ ዘይት ይሻላል፣ ይሄን ከዛን ቀን ጀምሮ አልረሳሁትም።

የዘይቱ ነገር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስሞክ ፖይንቱን ነው፣ ማለትም ዘይቱ ስንት ዲግሪ ላይ ሲደርስ መጨስ እንደሚጀምር። ይጠቅማል፣ ግን ከሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፣ ዘይቱ የሚደርቅ ዘይት ነው ወይስ የማይደርቅ? አንዳንዱ ዘይት የጠርሙሱ አፍ ላይ ጠብ ብሎ ከከረመ ይጠጥራል፣ አይታችሁ ይሆናል፣ አንዳንዱ ደሞ ዓመት ቢቀመጥ ያው ቅባት ነው። ይሄን የሚለካ የአዮዲን ቁጥር የሚባል ነገር አለ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘይቱ ለመድረቅ ይፈጥናል። ተልባ ከ170 በላይ ነው፣ የኛው ሱፍ 140 አካባቢ፣ የፈረንጅ ሱፍ ከ118 እስከ 141፣ አኩሪ አተር ከ124 እስከ 139፣ ኑግ 130 አካባቢ፣ ሰሊጥ ከ104 እስከ 120፣ የወይራ ዘይት ከ75 እስከ 94፣ ፓልም ከ50 እስከ 55፣ ኮኮናት 10 ገደማ። ቁጥሩን መሸምደድ አያስፈልግም፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ ካወቃችሁ በቂ ነው።

እኔ የምመርጠው ኑግ ነው፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ኑግ የራሳችን ዘር ነው፣ መነሻው ኢትዮጵያ ነው፣ ዘይቱ ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ሲሆን ለመድረቁ ምክንያት የሚሆነው እሱ ነው። እንደ ተልባ በጣም ደርቆ አይሰባበርም፣ እንደ ፓልም ደሞ አይለሰልስም፣ መሀል ላይ ነው ያለው፣ አንዴ ግሎ አንዴ ለሚበርድ ብረት ደሞ የሚፈለገው እንደዛ ያለው ነው። ችግሩ ከጨማቂ ቤት የሚገዛው ያልተጣራ ኑግ ዝቃጭ አለው፣ ዝቃጩ ብረቱ ላይ ያርና ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠርሙሱን ሳታንቀሳቅሱ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡት፣ ከላይ የጠራውን ብቻ በንጹህ ነጠላ ቅዳጅ አጥልላችሁ ተጠቀሙ። ሽታው መጀመሪያ ይከብዳል፣ እሳቱ ሲያገኘው ይጠፋል፣ አትጨነቁ።

ኑግ ብላችሁ የገዛችሁት ከሚረጋ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ለማወቅ ደብረ ብርሃን ላይ ፍሪጅ አያስፈልግም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውርጭ ትንሽ በብርጭቆ ቀድታችሁ ሌሊቱን ውጪ አሳድሩት፣ ጠዋት ላይ ሥሩ ቅቤ መስሎ ከረጋ ፓልም አለበት ማለት ነው። ንጹህ ኑግ ትንሽ ቢወፍርም ይፈስሳል።

ኑግ ካላገኛችሁ ከሱቅ የሚገዛ የተጣራ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ጥሩ ነው፣ ምንም አይልም። እዚህ ጋ ስሙ ያምታታል፣ ሱፍ ስንል ያ እሾሃሙ የኛ ሱፍ አለ፣ ጠርሙሱ ላይ ትልቅ ቢጫ አበባ ያለው ደሞ ሰንፍላወር ነው፣ የፈረንጅ ሱፍ የምንለው። ሁለቱም ይሆናሉ። የተጣራ ስለሆኑ ስሞክ ፖይንታቸው ከ225 ዲግሪ በላይ ነው፣ ስለዚህ ከፍ ባለ እሳት ለሚሟሽ ፍርግርግ ይመቻሉ። ጠርሙሱ ላይ ሃይ ኦሌይክ የሚል ካያችሁ ግን እሱን ለወጥ አድርጉት፣ እሱ ሆን ተብሎ እንዳይደርቅ እንዳይበላሽ ተደርጎ የተመረተ ነው፣ ለማብሰል አሪፍ ነው ለማሟሸት ግን ሰነፍ ነው።

ተልባ ላይ ብዙ ጥያቄ ይመጣል፣ ደጋ ስለሆንን ተልባ እጃችን ላይ ነው፣ ቁጥሩም ከሁሉም ከፍ ያለ ነው፣ ታዲያ ለምን አንደኛ አላልከውም ትሉኛላችሁ። የተልባ ዘይት በጣም ጠንክሮ ይደርቃል፣ መስታወት ይመስላል፣ መጀመሪያ ስታዩት ደስ ይላል፣ ግን ጠንካራ የሆነውን ያህል ተሰባሪ ነው። የኛ ግሪል ደሞ ከውርጭ ተነስቶ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚገባ ነው፣ ብረቱ ሲለጠጥና ሲኮማተር የተልባው ቆዳ አብሮት አይሄድም፣ ከወራት በኋላ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይነሳል፣ ቅርፊቱም ሥጋው ላይ ይወድቃል። የግድ ተልባ ነው ያለኝ ካላችሁ ከኑግ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉት። ከቀለም ቤት የሚሸጠውን የተልባ ዘይት ግን አደራ፣ በፍጹም፣ እሱ ለእንጨትና ለቀለም የተሠራ ነው፣ ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ማዕድን ያለበት ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ምግብ የሚነካው ነገር ላይ አይገባም።

የሚረጋው ፓልም ዘይት በብዙ ቤት ያለው እሱ ስለሆነ ሰው በሱ ይጀምራል። ሙቀቱን ይችላል፣ ስሞክ ፖይንቱ ከ230 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ግን ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ቅባት ስለሆነ ለመድረቅ ይሰንፋል፣ ደጋግማችሁ ካላነደዳችሁ ለስላሳ ቅባት ሆኖ ይቀራል። በዛ ላይ እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ስለሚረጋ ስስ አድርጎ ለመቀባት አይመችም፣ ብረቱ ላይ እንደ ሰም ይጎለጎላል። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ይሄኛው ችግር የለም፣ እዛ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ ነው። ሌላ ከሌለ አሙቃችሁ ተጠቀሙበት፣ ካለ ግን ለወጥ ይቆይ።

አሁን የቅቤና የሞራ ነገር። እኛ ሸኖ ቅቤ አጠገባችን እያለ የመንዝ በግ ሞራ እያለ ለምን ዘይት እንገዛለን የሚል አለ፣ እኔም ብያለሁ። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና ከወተቱ የቀረ ነገር አለ፣ እሱ ከ150 ዲግሪ ብዙ ሳይርቅ ያራል፣ ያረረው መራራ ጥቀርሻ ይሆናል። የተነጠረ ቅቤ ከዛ ይሻላል፣ ሙቀት ይችላል፣ ግን አይደርቅም፣ ሞራም እንደዛው ነው፣ ግሪሉ ሳይነካ አንድ ወር ከቆመ ይሸታል፣ ሌሊት ደሞ ውሻ እየመጣ ይልሰዋል። ከሁሉም በላይ ግን የጾሙ ጉዳይ አለ። ግሪሉን በቅቤ ወይ በሞራ ካሟሻችሁት ረቡዕና ዓርብ ድንች ብትጠብሱበት የሚጾም ሰው አይበላላችሁም፣ ልክም ነው። በዘይት የተሟሸ ብረት ሁለቱንም ይሆናል። እኔ ጋ ሁለት ፍርግርግ ነው ያለው፣ አንዱ የፍስክ አንዱ የጾም፣ ሁለቱም በኑግ የተሟሹ፣ የጾሙ ላይ ሥጋ ወጥቶበት አያውቅም፣ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ድንቹም ቃሪያውም ሽንኩርቱም የሚጠበሰው እሱ ላይ ነው፣ ግሪሉም ሥራ ስለማይፈታ አይዝግም።

ሌሎቹን በአጭሩ፣ የጎመን ዘር ዘይት ይሆናል፣ ከምጣዱ እናውቀዋለን። ሰሊጥ ይሆናል ግን ለዚህ ማባከን ነው። የወይራ ዘይት ውድ ነው፣ ለመድረቅም ዘገምተኛ ነው። ድንች የተጠበሰበት የተረፈ ዘይት ጨውና ፍርፋሪ ስላለበት አይሆንም፣ ጨው ብረት ያዝጋል።

አንድ ነገር ደሞ ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። አንዳንድ ብየዳ ቤት ግሪሉ ጥቁር ሆኖ እንዲያምር በመኪና የተቃጠለ ዘይት ወልውለው ይሰጣሉ። እሱ መርዝ ነው። ውስጡ የሞተር ብናኝ፣ ሄቪ ሜታል፣ ስንት ዓይነት ኬሚካል አለ፣ ሲግል በጭሱ ምግቡ ላይ ያርፋል። ስታዙ አስቀድማችሁ «ምንም አትቀባብኝ፣ እንዳለ ስጠኝ» በሉ።

አሠራሩ

አንደኛ፣ ብረቱን እዩት። በርሜሉ የምግብ ዘይት የነበረበት መሆኑን አረጋግጡ፣ የኬሚካል ወይም የፀረ ተባይ በርሜል ቢታጠብም ቢቃጠልም አይሆንም። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ደሞ ሲቆረጥ በውስጡ በቀረው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል፣ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግቡበት። ብረቱ ጋልቫናይዝድ መሆን የለበትም፣ ያ የሚያብለጨልጨው ዚንክ ሲበየድና በጣም ሲግል የሚወጣው ጭስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ፍርግርጉን ቀለም ካልተቀባ ፌሮ አሠሩት። አንቲረስት የሚባለው ቀለም ከውጪ በኩል ብቻ ነው፣ ውስጥ አይገባም፣ ውጪም ቢሆን እሳቱ ያለበት አካባቢ ተራ ቀለም ይላጣል፣ እዛ ጋ ሙቀት የሚችል ቀለም ወይም ራሱ ዘይቱ ይሻላል። ፍርግርጋችሁ ስቴንለስ ከሆነ ማሟሸቱ የግድ አይደለም፣ አይዝግም፣ ዘይቱም በደንብ አይይዝለትም፣ ከመጥበሳችሁ በፊት ትንሽ ማሰስ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ታጥቦ ይድረቅ። አዲስ ላሜራ ከፋብሪካ የሚመጣበት ቅባት አለው፣ የብየዳውና የግራይንደሩ ብናኝም አለ። በሽቦ ብሩሽ ፍቁት፣ ዝገት ያለበትን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ አለቅልቁ። ፀሐይ ላይ ይደርቃል ብላችሁ አትተዉት፣ እኛ ጋ ፀሐዩ አለ ብርዱም አለ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀይ ዝገት ይጀምራል። በጨርቅ አድርቃችሁ ወዲያው እሳት።

ሦስተኛ፣ ዘይት ሳይነካው ባዶውን አንድዱት። ከሰሉን በደንብ አቀጣጥሉ፣ የግራር ከሰል ጥሩ ነው፣ ፍሙ ይቆያል። ክዳኑን ገጥማችሁ አየር ማስገቢያውን ክፍት አድርጉ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከ200 ዲግሪ በላይ ይቆይ። በርሜሉ ከውስጥ ቀለም ወይም ሽፋን ነገር ካለው ደሞ እሱ በሙሉ ተቃጥሎ ብረቱ ራቁቱን እስኪቀር በእንጨት እሳት በኃይል መቃጠል አለበት፣ ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ልጆች አይቅረቡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ከሰል እንደ ቆላው ቶሎ አይፋፋምም፣ ስለዚህ ከታች በኩል የአየር ቀዳዳውን ሰፋ አድርጋችሁ አሠሩት፣ ማራገቢያም ያዙ፣ አትቸኩሉ።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት። እኛ ጋ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ጠብታው ጭስ ብሎ መጥፋቱ ብቻ ብዙ አይነግራችሁም፣ ጠብታው ሳይጠፋ እንደ ብይ ተድበልብሎ ብረቱ ላይ ከተንከባለለ ግን ወደ 200 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ዘይት ማሳየት። ብረቱ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ጨርሶ አይቀዝቅዝ፣ እጅ የሚችለው ለብ ያለ ሲሆን ዘይቱ ቀጥኖ ይዳረሳል። ክር የማይለቅ የጥጥ ጨርቅ፣ ያረጀ ከነቴራ ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ዘይት ነክራችሁ ውስጡን፣ ክዳኑን፣ ጥጋጥጉን፣ ማጠፊያውን፣ ብየዳው ያለፈበትን ሁሉ እሹት። ለአንድ 200 ሊትር በርሜል ውስጡን በሙሉ ለመቀባት ግማሽ የቡና ሲኒ ዘይት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ከዛ ሌላ ደረቅ ንጹህ ጨርቅ ያዙና የቀባችሁትን መልሳችሁ ጥረጉት፣ ጨርቁ ዘይት ማንሳት እስኪያቆም። ሲጨርሱት ምንም ያልተቀባ ይመስላል፣ ትንሽ ወዝ ብቻ ነው የሚታየው፣ አሁን ገና ነው ልክ የሆነው። ወለሉ ላይ ዘይት ተጠራቅሞ እንዳይቀር ደሞ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ ሁልጊዜ ሙጫ የሚሆነው እዛ ነው።

አምስተኛ፣ ማሟሻው እሳት። ስሞከር ከሆነ ከ130 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። ሙቀቱ ዝቅ ካለ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። መጀመሪያ ላይ ስስ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ጭሱ እየቀነሰ ሄዶ ሲያቆም የመጀመሪያው ቆዳ ይዟል ማለት ነው። ወፍራም ነጭ ጭስ ካያችሁ ወይ ዘይቱ በዝቷል ወይ እሳቱ አየር አጥሮታል፣ ቀዳዳውን ክፈቱለት። ድንገት ዘይቱ ቦግ ብሎ ከተያያዘ ውሃ እንዳትደፉበት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ቀዳዳዎቹን ዝጉ፣ ራሱ ይጠፋል።

ፍርግርጉ ከዚህ ከፍ ያለ እሳት ይፈልጋል፣ ሥጋው የሚነካው እሱ ስለሆነ። ለብቻው አድርጉት፣ እያንዳንዷን ዘንግ ዙሪያዋን በጨርቅ አሹ፣ መልሳችሁ ጥረጉ፣ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ባለው ፍም ላይ አንድ ሰዓት። ያልተጣራ ኑግ ከተጠቀማችሁ ይጨሳል፣ ይጨስ። ቀለሙ ከግራጫ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ይሄዳል።

ስድስተኛ፣ ድገሙት። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ምጣድስ መቼ በአንድ ቀን ይሟሻል። ስሞከሩን ሁለት ጊዜ፣ ፍርግርጉን ሦስት ጊዜ፣ በየመሀሉ ለብ እስኪል እያበረዳችሁ። የስሞከሩ ሁለተኛ ዙር ላይ ደሞ ፍሙ ላይ የደረቀ ወይራ እንጨት ጣል አድርጉ። የወተት ቅል፣ የጠላ ጋን በወይራ የሚታጠነው በምክንያት ነው፣ ጭሱ ንጹህ ነው ሽታውም ይጣፍጣል፣ ዘይቱ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ጥቁር ሽፋን ይጨምርለታል። ባሕር ዛፍ በየጓሮው ስላለ እጃችሁ ወደሱ ይሄድ ይሆናል፣ ለጭስ አይሆንም፣ ዘይታማ ስለሆነ እንደ መድኃኒት ይሸታል፣ ይመርራልም። ጥድም ሙጫ ስላለው እንደዛው ነው። ቀለም የነካው ጣውላ፣ የፓሌት እንጨት ምናምን አታስገቡ።

ሰባተኛው ከግሪሉ ውጪ ነው ግን ከሁሉም በላይ ስለሚያሳስበኝ አስረዝመዋለሁ። ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። የሚደርቅ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ አጥቶ እየተጠራቀመ ያለ ክብሪት ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል፣ ተልባ ከሆነ በተለይ፣ ይሄ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ወይ ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይ እዛው ፍሙ ላይ አቃጥሉት። ሌላው ከሰሉ ነው። ማምሻውን ብርዱ ሲመጣ የቀረችውን ፍም ወደ ቤት አስገብተን እንሙቅባት ማለት የተለመደ ነው፣ እባካችሁ ተዉት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም አይታይም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያነቃ ይወስዳል። ግሪልም ፍምም ቦታቸው ደጅ ነው።

ካልተሳካስ

እጅ ሲነካው የሚይዝ ከሆነ ዘይት በዝቷል ወይ እሳት አንሷል። መጀመሪያ ያለ ዘይት ከ200 ዲግሪ በላይ አንድ ሁለት ሰዓት አንድዱበት፣ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። እምቢ ካለ በሞቀ ውሃና በሽቦ ብሩሽ አንሱትና ከአራተኛው ጀምሩ። ቅርፊት እያለ ከተነሳ የተነሳውን ብቻ ፍቁ፣ የያዘውን አትንኩ፣ የተራቆተውን ቦታ እንደ አዲስ ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ አግሉት። ስሞከር ክዳን ውስጥ ግን የሚረግፍ ጥቁር ነገር ሁሉ የዘይቱ ቆዳ አይደለም፣ አብዛኛው የጠነከረ ጥቀርሻ ነው፣ በጭራሮ መጥረጊያ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው። ግራጫ ሆኖ ደርቆ ካያችሁት እሳቱ ከልክ በላይ ሆኖ ቆዳውን በልቶታል፣ ብረቱ ላይ ያለው ሽፋን ከ300 ዲግሪ ብዙ ካለፈ መቃጠል ይጀምራል፣ እሱም መልሶ ማሰስ ነው መድኃኒቱ።

ከዛ በኋላ በየጊዜው የሚደረገው ቀላል ነው። ጥብሱ እንዳለቀ ፍርግርጉ ገና ትኩስ እያለ በሽቦ ብሩሽ ፈግፈግ፣ ከዛ በዘይት የራሰች ማሰሻ አንዴ አሳልፉበት፣ እጃችሁን እንዳያቃጥል ማሰሻዋን እንጨት ጫፍ ላይ እሰሯት። ብሩሹ የላላ ሽቦ ካለው ቀይሩት፣ የወለቀች ሽቦ ሥጋ ውስጥ ከገባች ጉሮሮ ትወጋለች። አመዱን አታሳድሩ፣ አመድ እርጥበት ይስባል፣ እርጥብ አመድ ደሞ ወለሉን በልቶ ይበሳል። ሳሙና ሁልጊዜ አያስፈልግም።

ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ አንድ ቀን መድቡለት። አመዱን ጥረጉ፣ ባዶውን አንድዱት፣ ውስጡንም ውጪውንም ስስ ኑግ አሳዩት፣ አንድ ሰዓት አግሉት፣ ሲበርድ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ ጣራ ሥር አስገቡት። ላስቲክ አታልብሱት፣ ወይ ካለበሳችሁት ከታች አየር ይግባለት፣ ላስቲኩ ሥር የሚጠራቀመው ላብ ከዝናቡ ይብሳል። እኔ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ባባራበት ቀን አንዴ ከፍቼ አየዋለሁ፣ ቀይ ነጥብ ካየሁ እዛው በጨርቅ አሽቼ ትንሽ ፍም አስገባለታለሁ፣ እንዲህ አድርጌ ሳቆየው ለመስቀል ስከፍተው ዝግጁ ሆኖ ነው የማገኘው።